ክፍል ሰባት

ሂርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮ ተራ፣
ከባትሪ ጠጋኙ ከሸምሱ በስተግራ፣
አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር፤
በሩ ማዳበሪያ፣ ወንበሩ አጣና፣ መግቢያው አንድ ብር።
ክረምቱ ሲበረታ ጣሪያው እያፈሰ፣
ከኮከቦቹ መሀል ውሃ እየፈሰሰ፣
እኛ ህዋ ላይ ሆነን እግራችን ይርሳል፤
መርከቡ ሰማዩን እንደ በሬ ያርሳል።

ተማም ነው ተርጓሚው።
በርጩማ ላይ ሆኖ ማይኩን ተጠግቶ፣
ፈረንጁ አስር ሲል እሱ መቶ አምጥቶ፣
እንግሊዝኛውማ ክፍል ስድስት ቀርቶ፣
የጎደለውን ሁሉ ከራሱ ሞልቶ።
አዛዡን ‹አባ መብረቅ› ብሎ ስም አወጣ፣
ባለሦስት ዓይኑ ጠላት ‹ቀራጩ› ሆኖ መጣ።
ቀይዋን ዓለም ‹ከአጋሮ ትንሽ አለፍ› አላት፤
ቀለበት ያጠለቀችውን ‹የሊሙ መታጠፊያ ናት›።
መርከቡን የሚጠግን፣ ዘይት የነከረው፣
ያንን ሳቂታ ልጅ ‹ነጂብ› አስባለው፤
አጂፕ ጋራዥ ባለው በታናሹ ስም ነው።
ነጂብም ከኋላ፣ ቁልፍ በእጁ ይዞ፣
ራሱን ያይ ነበር ኮከብ ላይ ተጉዞ።

ክፍል ሦስት ሲመጣ ፂም አበቃቀልን።
ክፍል አምስት ላይ ደግሞ መብራት ጠፋብን፤
አንድ ሰው አልወጣ፣ ብሩን የጠየቀ፤
ተማም በጨለማው በቃሉ ዘለቀ፣
ቀራጩን ገደለው፣ መርከቡን አዳነ፤
ኋላ እውነቱን ብናይ የሱ የተሻለ ሆነ።

ክፍል ስድስት ሲገባ፣ ሐምሌ ላይ ነበረ፣
የጊቤ ቁልቁለት አይሱዙ ሰበረ።
ፍሬኑን ሊሞክር ነጂብ ነበር ጋቢናው፤
ማታ አመጡልን፣ ጠዋት ቀበርነው።

በአራተኛው ቀን ተማም ማይኩን ያዘ፤
«ተው» ያለው አልነበር። ድምፁ ግን ቀዘቀዘ።
ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ያንን ሳቂታ አቁስለው፣
መስታወት ሣጥን ውስጥ አስተኙት ጠቅልለው፤
አዛዡ መዳፉን አሳርፎ ብርጭቆው ላይ፣
«ደህና እደር» ነው ያለው፣ «በአርባ ዓመት እንተያይ»፤
(ይህ የገባኝ ዘንድሮ ነው፣ ልጄ ሲያስረዳኝ።)
ተማም ግን «ሞተ» አለን። «ነጂብ ሞተ። አልቅሱ።»
አለቀስን። ቆሎ ሻጩም፣ ሸምሱም፣ በር ጠባቂው ራሱ፤
ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ዓይናችን የደረቀ፣
እዚያ ጨለማ ውስጥ እንባችን ፈለቀ።

ከዚያ ወዲያ ተማም ማይክ አልነካም፤
ቀን ማር ይመዝናል፣ ማታ አይታይም።
ልጆቹ በስልክ ያያሉ፣ ከነጽሑፉ፣
እኛ ግን ፊልማችን የተማም ነው አፉ።

ዘጠኝ ዓመት አልፎ ክፍል ሰባት መጣ፤
አዛዡም ሸበተ፣ ከኛም አናት ፀጉር ታጣ።
ባለቤቱ አባ ጊሳ ሦስቴ ሽማግሌ ላከ፤
«እስቲ» አለ በሦስተኛው፣ ፂሙን እያከከ።
በጠመኔ ተጻፈ፣ በአዲሱ ቆርቆሮ በር፣
«ክፍል ሰባት፤ በተማም።» መግቢያው አስር ብር።
ክፍል ሰባት ያልረገጠ፣ ክፍል ሰባትን ሊያስረዳ፣
ቤቱ ግጥም አለ፤ ከጂረን ወጣቱ፣ ከቆጪ እንግዳ።

ሣጥኑ ተከፈተ።
ጉም ወጣ፣ ጣት ታየ፣ ዓይን ተገለጠ፣
ልጁ ቀና ብሎ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ፤
አንድ ዓመት አልጨመረ። ሳቀ። ያው ጥርስ፣ ያው ዘይት።
«ሞቷል አላልከንም?» ጮኸ አንዱ ከወደ መስኮት።

ማይኩ ዝም።
ጀነሬተሩ ብቻ፣ ጣሪያው ላይ ዝናም።
ፈረንጆቹ ያወራሉ፤ የሚፈታው የለም።
የሸምሱ ትንሹ ልጅ፣ ነጂብን የማያውቅ፣
ወንበር ላይ ቆመና፦
«ወንድሙ ነው በለን! መንታው! ምን ያስጨንቅ?»

ተማም ጉሮሮውን ጠረገ።
«አዎ» አለ። «ወንድሙ ነው።»
የማን ብሎ የጠየቀ የለም።

ልጁ ለአዛዡ አንድ ነገር አለው፤
ረጅም ነበር፤ የተማም ግን አጭር ነው፦
«‹ፍሬኑን ሠርቼዋለሁ› ይላል።
‹ዝናቡ ሲያባራ እንሂድ› ይላል።»